የጠመኔው ሣጥን

ንግግሩን የሰማሁት ድሮ ነው፤ ግማሹ ከጆሮዬ ወጥቷል። ሁለት ሴትዮዎች ስፌት ቤታችን ደጃፍ ላይ ተጠልለው ዝናቡ እስኪያባራ ያወራሉ። አንደኛዋ «ጨው ነው» አሉ። ወይም «እጇ ነው» ይሆናል ያሉት፤ እሱን እርግጠኛ አይደለሁም። ሌላዋ «ኧረ ተዪ፣ እንዲህማ አይባልም» ሲሉ ግን አስታውሳለሁ። የመጀመሪያዋ «ወንድሜ ነው፤ እኔ ካላልኩ ማን ይበል? ደሙ በተመረመረ ቁጥር የሚብሰው ከዚያች ልጅ ድስት ነው እንጂ ከሌላ ከየት ይመጣል?» ብለው መለሱ። ከዚያ ዝናቡ በረታና የቀረውን ዋጠው። እኔ ከውስጥ ካውያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ከእኔ ሁለት ክንድ ራቅ ብለው ደግሞ ወንድምየው ራሳቸው፣ ሦስት ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ የአንድ ሱሪ ወገብ እያጠበቡ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩኝ፤ አየኋቸው። «ካውያው እንዳይበርድ» አሉኝ በስፒሎቹ መሃል።

ሰፈሩ «ሜትር» ይላቸዋል። ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሲጸልዩም አያወልቁትም። ያልለኩት ነገር ልክ ስለማይመስላቸው የዳቦ ቁመት ይለካሉ፣ በራፋችን ላይ የተኛውን ኩሬ ይለካሉ፣ አንድ ቀን ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ ሲያዛጋ አፉን ሊለኩ ሲጠጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ኩላሊታቸው ከታመመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንዴት ነዎት ላላቸው ሁሉ «ሁለቱም አሉ፤ ግን የሚሠሩት ግማሽ ቀን ነው» ይላሉ። ዶክተሩ የነገራቸው አጭርና ግልጽ ነበር፦ ምግባቸውን ከጠበቁ በዚሁ ብዙ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ካልጠበቁ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ማሽን ላይ መተኛት ይመጣል። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ሳቃቸው ግን እስከ ዓይናቸው አልደረሰም።

ልጃቸው ረጅም መንገድ የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር አራት ቀን ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። ስለዚህ የምታበላቸው ምራታቸው ናት። ምራትየው ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ከክሊኒክ የተሰጠውን የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር አባዝታ ያልለጠፈችበት ቦታ የለም፦ ወጥ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ የመኝታ ክፍላቸው በር ላይ፣ እኛም ስፌት ቤት መስታወቱ ጥግ ላይ። ደንበኛ አዲስ ኮቱን ለብሶ ራሱን ሲያይ «የፋብሪካ ቺዝ፦ በፍጹም» የሚለውን ከትከሻው በላይ ያነባል። ድንች ሁለት ጊዜ ቀቅላ ውሃውን ትደፋለች። የእንቁላሉን ነጭ ለእሳቸው ለይታ አስኳሉን ራሷ ትበላለች። የቀመሱትን ሁሉ ደግሞ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ትጽፋለች፦ «ጠዋት፣ ነጭ ዳቦ አንድ ቁራጭ። ሻይ፣ ግማሽ ስኒ።» ባለፈው ቀጠሮ ነርሷ ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላብጣ፣ የደም ውጤቱን አይታ፣ እንደገና ደብተሩን አይታ «በዚህ አመጋገብ ፎስፈረሱ እንዴት እንዲህ ይወጣል? ጨውስ?» አለች። ያን ቀን ምራትየው ቤቷ ገብታ ለእንግዳ ብላ ያስቀረችውን ጨው ሳይቀር ለጎረቤት እንደሰጠች ሰምቻለሁ።

መልሱ ጠመኔ ሣጥን ውስጥ ነበር። ክብ ካርቶን ውስጥ ስምንት ሆነው የሚተኙ፣ በብር ወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ማዕዘን ቺዞች ታውቃላችሁ፤ የልብስ ሰፊ ጠመኔም ሦስት ማዕዘን ነው፤ መጠናቸውም ያው ነው። ሜትር ለዚህ ጉዳይ የተፈጠረ ሣጥን ነው ያገኙት። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፣ ሥራ የበዛ ቀን ሦስት። ዋጋው ከሱሪ ማሳጠሪያ እኩል ስለሆነ «ዛሬ ሁለት ሱሪ በላሁ» ይሉኛል በሹክሹክታ። አንዴ ደፍሬ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» ብላቸው አንዱን በጣታቸው ይዘው አስተማሩኝ። «አየህ፣ ይሄ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቀን የሚያልፈው ከዓመት በኋላ ነው። ፀሐይ ላይ ብታውለውም ያው ነው። ዓመት ሙሉ ያልተበላሸ ነገር እኔን በምን አቅሙ ነው የሚያበላሸኝ?» አሉ። ስጠርግ የማገኘውን የብር ወረቀት ሁሉ ከእራፊ ጨርቁ ለይቼ እጥል ነበር፤ ምራትየው ምሳ ስታመጣ እንዳታይ። ነገሩን ጸሎት ላይ አነሳሁት፤ እዚያው ተውኩት። ለሚመለከተው አካል ያመለከትኩ ስለመሰለኝ ነው።

አሁን የምነግራችሁ የዚያን ሰሞን አንድ ቀን ነው፤ ከሰዓት የክሊኒክ ቀጠሮ የነበረበት ቀን። ሜትር ጠዋት ሲገቡ ጀርባቸውን በእንጨቱ ማስመሪያ እያከኩ ነበር። እከኩ ከጀመራቸው ቆይቷል፤ ከፎስፈረሱ ነው ብለዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ሸሚዙ ላይ ያሳብባሉ። ጫማቸውን ፈቱ፤ እግራቸው እንደ ዳቦ ሊጥ ተነፍቶ የካልሲው ልክ ተቀርጾበታል። የስፌት መኪናቸውን ዘይት ቀቡ፣ መቀሱን ወለወሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። አራት ሰዓት ገደማ የጠመኔውን ሣጥን ከፈቱ፣ አንዱን ቺዝ ገለጡ፣ የብር ወረቀቱን አድቦልቡለው ወደ እኔ ወረወሩ። ልክ በዚያች ሰከንድ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ፦ እህታቸው።

እህታቸው በአምስት ዓመት ይበልጧቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የትም ሲገቡ ሰው ወንበሩን ያስተካክላል። እኔ ራሴ ሳላውቀው ካውያዬን ቀጥ አድርጌ አቆምኩ። ሜትር ደግሞ ያልተነከሰችውን ቺዝ ሣጥኑ ውስጥ ከጠመኔዎቹ አጠገብ አጋድመው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ።

«ይሄ ካፖርት ረዝሞብኛል፤ ለከሰዓት አሳጥርልኝ» አሉ እህትየው፣ መስታወቱ ፊት እየቆሙ። ካፖርቱ ጥቁር ሱፍ ነው፤ አዲስ ነው፤ ዋጋውንም ሳንጠይቃቸው ነገሩን። «አብሬህ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ ቤትህ አትመለስም፤ ወደ እኔ ነው። ክፍልህን ዛሬ ጠዋት ጠርጌዋለሁ።»

«እታለም፣ ምን ሆንኩና?»

«እሱን ደምህን ጠይቀው። ልጅቱ አቅቷታል። ክፉ ናት አላልኩም፤ አቅቷታል ነው ያልኩት።»

«ክፉ ናት አላልሽም?» አሉ ሜትር፣ ጎንበስ ብለው የካፖርቱን ጠርዝ እያጠፉ። ነገሩ በጥያቄ ጀመረና ወለሉ ላይ ቀረ። መናገር የነበረባቸው ያኔ ነበር። እኔም ልክ እንደሳቸው ወለሉን አየሁ። እህትየው ስለ ክፍሉ ቀጠሉ፦ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል፣ አልጋው ሰፊ ነው፣ ሬዲዮ አለ፣ እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ያበስላሉ። ሜትር ተንበርክከው፣ መነጽራቸው እንደተሰቀለ፣ እጃቸውን ሳያዩ ወደ ሣጥኑ ሰደዱና ሦስት ማዕዘኗን አንስተው በጠርዙ ዙሪያ መሥመር መሳብ ጀመሩ። አርባ ዓመት ያሰመረ እጅ ነው፤ መሥመሩ ክር የተወጠረ ይመስላል። በመሃል ቆም ብለው «ጠመኔው ዛሬ እርጥበት ነክቶታል» አሉ። «የዝናብ ወቅት ነው» አሉ እህትየው። አስምረው ጨረሱ፣ ካፖርቱን አስወልቀው ለእኔ ሰጡኝ። የእኛ አሠራር ሁሌም ይሄ ነው፦ እሳቸው ያሰምራሉ፣ እኔ እጥፋቱን በመሥመሩ ላይ በካውያ አስተኛለሁ፣ ከዚያ እሳቸው ይሰፉታል። የእኔ ካውያ ግን ደጅ ሄዶ ከሰል መሙላት የሚፈልግ ነበር፤ ካፖርቱን ጠረጴዛዬ ላይ አንጥፌ ወጣሁ።

ስመለስ እህትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ይመረምራሉ። ሜትር ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው፣ እጃቸውን በቀስታ ወደ ሣጥኑ አስገቡ፣ ቅድም የገለጧትን ቺዝ ለማትረፍ አፋቸው ውስጥ ጨመሩና ነከሱ። ቀጭ አለ። ድምፁን እኔም ሰማሁት። ሜትር ባሉበት ደረቁ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ መንጋጋቸው ቆመ፣ ከዚያ በጣም በዝግታ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ማኘክ ጀመሩ።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አሉ እህትየው።

«ክኒን ነው» አሉ፤ ከከንፈራቸው ነጭ አቧራ ወጣ። «ከምግብ ጋር ውሰድ ያሉኝ።»

«ምግቡስ የታለ?»

«እየመጣ ነው።»

እውነትም እየመጣ ነበር። ምራትየው የምሳ ዕቃውን በአንድ እጇ፣ ሰማያዊውን ደብተር በብብቷ ይዛ ገባች። እህትየውን ስታይ ጫማዋን እየጠረገች ትንሽ ዘገየች። «ደህና ዋሉ እትዬ» አለች። «ደህና» አሉ። ከዚያ ከሦስት ወር ጀምሮ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ መጥቶ እንደ አንድ ደንበኛ ቆመ። ምሳውን የቁልፍ መሳቢያው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው፦ ሩዝ፣ የተቀቀለ ጎመን፣ ሁለቴ የተቀቀለ ድንች። ቀለም የሌለው ምግብ። ሜትር አዩትና ጠመኔውን ዋጡ።

እህትየው የሚናገሩትን ከመናገር የሚዘገዩ ሰው አይደሉም። ስለ ክፍሉ ነገሯት። ክርክር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ልጅቱ ግን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በመዳፏ አስተካከለችው። «ይሂዱ» አለች። «እኔ ያልሞከርኩት የለም እትዬ። ሌሊት ተነሥቼ ድስቱን ሁሉ አጥቤያለሁ፤ ብረቱ ይሆን ብዬ። ውሃውን ቀይሬያለሁ። ምናልባት እውነትም እጄ ይሆናል። ልብሳቸውን ማታ አዘጋጃለሁ።» ሜትር መጀመሪያ እሷን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ሰው ተደብቆ ሳለ ፈላጊው ሌላ ሰው ይዞ ሲሄድ የሚያይበት ዓይን ነው።

እኔ ግን ሥራ ነበረኝ። ጥቁሩ ሱፍ ላይ መሥመሩ ወፈር ብሏል፤ አዲስ ጠመኔ ነው ብዬ አለፍኩት። እጥፋቱን ይዤ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቤ፣ የጋለውን ካውያ ጫንኩበት።

መጀመሪያ እርጥቡ ጨርቅ እንደተለመደው ጥሽ አለ። ከዚያ ጩስስ የሚል፣ በስፌት ቤት ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ መጣ። ሽታው ተከተለ፦ ሞልቶ የገነፈለ ወተት፣ የነደደ ቅቤ፣ ቁርስ ቤት። ካውያውን አነሣሁ፤ እርጥቡ ጨርቅ ከካፖርቱ ጋር በቢጫ ክር ተያይዞ አብሮ ተነሣ፤ እየተሳበ ረዘመ። የካፖርቱ ጠርዝ ዙሪያውን፣ ክር የተወጠረ የሚመስለው መሥመር፣ ያንጸባርቅ ጀመር።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ እህትየው፣ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው።

ምራትየው ጠጋ ብላ ክሩን በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው። የት እንደምታውቀው እያሰበች ነበር። ጊዜው አጭር ነው፤ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ «የእኔ ምሳ ነው፤ ተንጠባጥቦብኝ…» ማለት ጀመርኩ። ሜትር እጃቸውን አነሡ።

«ተው» አሉኝ። «አንተ ካውያህን ብቻ ያዝ።» ከዚያ የጠመኔውን ሣጥን አንስተው ከምሳው አጠገብ አስቀመጡት፣ ከፈቱት። ሰማያዊ ጠመኔ፣ ነጭ ጠመኔ፣ የጥርስ ንክሻ ያለበት ነጭ ጠመኔ፣ በማስመር ያለቀች የቺዝ ቁራጭ፣ አራት በብር የተጠቀለሉ ሦስት ማዕዘኖች። በዚህ አላቆሙም። ከቁልፍ መሳቢያው ከሥር ሁለት አወጡ። ጭንቅላት የሌለውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ዘንበል አድርገው፣ በአንገቱ ቀዳዳ እጃቸውን እስከ ክርን አስገብተው፣ ሙሉ ካርቶን ይዘው ወጡ። እሱን እኔም አላውቅም ነበር።

«እታለም፣ ልጅቱ አይደለችም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ምራትየው ቺዞቹን አየች፤ መስታወቱ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አየች፤ እንደገና ቺዞቹን። ትጮኻለች አልኩ። «በቀን ስንት?» አለች፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳን ደንበኛ እንደምትጠይቅ።

«ሁለት።» ቆዩና «ሥራ ሲበዛ ሦስት» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ጨው ካቆምሽ ጀምሮ።»

«ሁለት ዓመት! አባባ!»

«ዓመት ሙሉ የማይበላሽ ነገር እኮ ነው» አሉ፤ ግን እንደ ድሮው በእርግጠኝነት አልነበረም።

«እንዳይበላሽ፣ እንዲለሰልስ ብለው የሚጨምሩበት ነገር ነዋ እርስዎን የሚያበላሸው! ነርሷ ይሄን ስንት ጊዜ ነገረችን? እርስዎ ነዎት ‹ገብቶኛል› ያሉት!» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከዚያ የካፖርቱን ክር አየችና ሳቅ አመለጣት፤ እየሳቀች በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እህትየው ካፖርታቸውን እስካሁን አላነሱትም። ሠላሳ ዓመት ተማሪ የቀጣ ሰው ተሳስቼ ነበር ለማለት ቃሉን የሚያገኘው በቀላሉ አይደለም። «ቢሆንም» አሉ፤ «ቺዙ ብቻውን ይሄን ሁሉ… ትንሽ ጨው ምግቡ ላይ ሳይኖር አይቀርም።» ምራትየው ማንኪያውን በምግቡ ሞልታ ዘረጋችላቸው። እስከዚያ ቀን ያንን ምግብ የቀመሰ አንድም ከሳሽ እንዳልነበረ ያኔ ነው የገባኝ። እህትየው ማንኪያውን ተቀብለው ጎረሱ። አኘኩ። ወደ ግድግዳው እያዩ አኘኩ። ወደ መንገዱ አዩ። በመጨረሻ ዋጡ፤ መዋጣቸውም ታየ።

«ይሄንን ነው ሁለት ዓመት የሚበላው?»

«አብረን ነው የምንበላው» አለች ምራትየው።

«አንቺ ደግሞ ኩላሊትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ብቻቸውን ሲበሉ ያሳዝኑኛል።»

ሜትር ከአንገታቸው ላይ ሜትሩን አወረዱት፤ በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት። አንገታቸው ያለ እሱ ባዶ ሆኖ፣ ቀጭን ሆኖ ሲታየኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እህትየው ማንኪያውን መለሱላትና «ልጄ» አሉ። ሌላ የሚከተል ነገር የነበረው ይመስላል፤ አልተከተለም። ልጅቱ ግን «ልጅቱ» ተብላ ሦስት ወር የሰነበተች ናትና የቃሉን ልዩነት የለካችው ይመስለኛል፤ ወንበሯን ትንሽ ወደ እሳቸው አስጠጋች።

ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር ገልጣ፣ እስክርቢቶ ጨምራ፣ በአማቷ ፊት አስቀመጠች። «ይጻፉ አባባ። በራስዎ እጅ። ዛሬ ለነርሷም እርስዎ ነዎት የሚያነቡላት።»

«የዛሬውን ብቻ ልጻፍ» አሉ ሜትር። ዛሬ የበሉት ጠመኔ ብቻ ነበርና።

«ከመጀመሪያው።»

«አንቺ አንብቢላት፤ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው አራቱን ልጨርስና ከነገ…»

«አንተ!» አሉ እህትየው። ሜትር ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸውን ከሣጥኑ ላይ ሲያነሡ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። እህትየው ከወንበሩ ተነሥተው ካፖርቱን ከጠረጴዛዬ አንሥተው ለበሱት፤ የተንጠለጠለውን ቢጫ ክር እንኳ አልበጠሱትም። እንዳጸዳላቸው ለመንኳቸው። «አይጸዳም» አሉኝ። «እንደዚሁ ሆኖ ይሂድ፤ ምስክር ነው። ነርሷ ካላመነች ታሽትተው። ደሙ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ በየሳምንቱ አርብ ምሳ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ ያንኑ ያለ ጨው። ክፍሉን ለሬዲዮው እተወዋለሁ።»

ሜትር እህታቸውን አዩ። ምራታቸውን አዩ፤ እሷ ምሳውን በአራት ሳህን እያካፈለች ነበር፤ አራተኛው የእኔ ነበር። በመጨረሻ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ፣ ከከንፈራቸው ላይ የጠመኔውን አቧራ ጠረጉ፣ እስክርቢቶውን አነሡ።

«ተቀምጬ ነው የማነበው ወይስ ቆሜ?»

«ቆመህ» አሉ እህትየው።

«እሺ» አሉ፤ ጻፉም፦ «ጠዋት፣ ቺዝ፣ አንድ።»